ለስድብ የሚሆን ስልክ ቁጥር

«ሌባ ልታደርጊኝ ነው እንዴ አንቺ ልጅ? ሰርዢው! አሁኑኑ ሰርዢው!»

«የኔታ፣ እኔ የጻፍሁት ‘ምስራቅ’ ብዬ ነው።»

«እሱን አይደል የምልሽ! በየትኛው ሰ ነው የጻፍሽው?»

ስልኬን አየሁት። በእሳቱ ሰ ነበር። በስልክ ፊደል ገበታ ላይ ቶሎ የሚገኘው እሱ ነው፤ የንጉሡ ሠ ጣት ጫን አድርጎ መጠበቅ ይፈልጋል። ማን ይጠብቃል?

መሪጌታ ጥበቡ ይወጥሩት የነበረውን ጠፍር ከበሮው ላይ ጣሉና ብድግ አሉ። ቢቸና ውስጥ ካለችው የከበሮና የመቋሚያ መሥሪያ ቤታቸው ጣሪያ ጋር ጭንቅላታቸው ሊጋጭ ትንሽ ነው የሚቀረው።

«ስሚ። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ወጣ፣ ብቅ አለ፣ በራ ማለት ነው። ፀሐይ ሠረቀ ይባላል። ምሥራቅ የፀሐይ መውጫ የሆነው ከዚያ ነው። በእሳቱ ሰ ሰረቀ ስትዪ ግን ያው እናትሽም የምታውቀው ስርቆት ነው። እንግዲህ ‘ምስራቅ ከበሮ ቤት’ ብለሽ ስትጽፊ ምን አልሽ? የሌባ መዋያ፣ የሌባ ከበሮ ቤት አልሽ!»

«ማንም ሰው እንደዚያ አያነበውም የኔታ።»

«እግዜር ያነባል። እኔም አነባለሁ። ሁለት አንባቢ አነሰሽ?»

ሰረዝሁት። ጣቴን ጫን አድርጌ ጠብቄ በንጉሡ ሠ ጻፍሁት። ተሸንፌ ብቻ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝም ነው። ፀሐይና ሌባ በአንድ ድምፅ ሲጠሩ ሰምቶ ዝም የሚል ገጣሚ የለም። ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገድ ላይ እንዲህ አልሁ፦

ክፈቱ ለፀሐይ፣ በር ዝጉ ለሌባ፤
አንድ ነው ስማቸው ከጆሮ ሲገባ።

በግጥሙ ኮራሁ። ይህችው ኩራት ምን ይዛብን እንደምትመጣ ግን አላወቅሁም።

ያን ጊዜ የአንድ የኦንላይን ክፍያ ድርጅት ወኪል ነበርሁ። ሥራዬ ትንንሽ ነጋዴዎችን ማስመዝገብ ነው፤ ደንበኛው በስልኩ ይከፍላል፣ ገንዘቡ ነጋዴው የባንክ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። አሁን ለቅቄያለሁ። ለእናቴ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አይታኝ «ጡረታ ወጣሁ በይኛ!» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ጡረተኛ በአገራችን የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። ጡረተኛ ደግሞ የሥራ ዘመኑን መተረክ መብቱ ነው፤ የሚያዳምጠው እስካገኘ ድረስ።

ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ከቅኔ ቤት ጋር በአንድ አጥር ይዋሰን ነበር። ተማሪዎቹ ሲቀኙ፣ ሲደናቀፉ፣ መምህሩ ሲገሥጿቸው በአጥሩ ቀዳዳ እሰማለሁ። ትርጉሙ ሳይገባኝ ምቱ ገባኝ። የቀረውን እየጻፍሁ እየቀደድሁ ተማርሁት። ድርጅቱ ሲቀጥረኝ ስለዚህ አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ ወሬ እወድ እንደሆነ ነው። እወዳለሁ። ደመወዙ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ሌላ የሚወራለት ነገር የለውም።

አለቃዬ አቶ ደምሰው ይባላሉ። ከደብረ ማርቆስ አልፎ አልፎ እየመጡ ይጎበኙኛል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ታርጌት» የምትባል ቃል ብቻ እንቅልፍ ትነሣቸዋለች። የቢቸናው ቢሯችን መናኸሪያው አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሯ የክረምት ዝናብ ያሳበጠው እንጨት ነው፤ እጀታውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ካልሳቡት አይገጥምም። አቶ ደምሰው በመጡ ቁጥር ይህን ይረሱና ከበሩ ጋር ይታገላሉ። ከዚያ ላብ እየጠረጉ «ይኼን በር አሠሪው እንጂ!» ይሉኛል። የማሠሪያውን ገንዘብ የሚፈቅዱት እሳቸው ናቸው።

ድርጅታችን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። ሌሎቹ ለየነጋዴው ቁጥር ይሰጣሉ፤ ደንበኛው ያንን ቁጥር መትቶ ይከፍላል። የእኛ ማስታወቂያ ግን «ቁጥር የለም፣ ስም ይበቃል!» ይላል። ደንበኛው የሱቁን ስም ይጽፋል፣ ሲመጣለት ይነካዋል፣ ይከፍላል። ይህን እኔ ከልቤ እወደው ነበር። በቁጥር የሚጠራ እስረኛ ነው፣ ሰው ግን በስሙ ነው እያልሁ ስንቱን ነጋዴ አሳምኛለሁ!

መጀመሪያ የተመደብሁት ግን ሞጣ ነበር፤ ሥራውንም የተማርሁት እዚያ ነው። ያስተማረኝ ድርጅቱ የላከልኝ ቪዲዮ አይደለም፤ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

የሱቃቸው ስም «ምስራቅ ጨርቃ ጨርቅ» ነው። ይህ አይገርምም፤ በምሥራቅ ጎጃም ስሙን ምሥራቅ ያላለ ነጋዴ ከተገኘ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ምሥራቅ ዳቦ ቤት አለ፣ ምሥራቅ ጎማ ጥገና አለ፣ ምሥራቅ ፀጉር አስተካካይ አለ። የሐጂን ታፔላ የጻፈው ሠዓሊ በእሳቱ ሰ ጽፎታል። እኔም ከታፔላው እንዳለ ገልብጬ አስመዘገብኋቸው።

ሐጂ ጨርቅ ሲገዙ ማየት ትምህርት ቤት መግባት ነው። ጅምላ አከፋፋዩ ጣቃውን ዘርግቶ ቀለሙን ሲያወድስ እሳቸው ይገለብጡታል። «ፊቱማ ለመሸጥ ነው የተሠራው» ይላሉ፤ «የሚለበሰው ጀርባው ነው።» ጥጉን በውኃ አርሰው በነጭ መሐረብ ያሹታል፤ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት። ከዳር አንዲት ክር መዝዘው በክብሪት ይለኩሷታል። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ትሸታለች፣ ዐመዷም ይበናል፤ ናይለን ከሆነች ቀልጣ እንደ ዶቃ ትንጠለጠላለች። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አከፋፋዩን ቀና ብለው አያዩትም። ሰውየው ማውራቱን የሚተወው ክብሪቱ ሲጫር ነው።

ክፍያውን ልሸጥላቸው የሄድሁ ዕለት እኔንም እንደ ጣቃ ገለበጡኝ። ሌላው ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮሚሽናችሁ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሐጂ ግን፣

«ቢበላሽ ማንን ልስደብ?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ ሐጂ?»

«ዕቃ ሲበላሽብኝ የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ሄጄ እሰድበዋለሁ። ይሰድበኛል። ሻይ እንጠጣለን። ይለውጥልኛል። የናንተው ሲበላሽ የት ሄጄ ማንን ልስደብ?»

የዋናውን መሥሪያ ቤት ስልክ ሰጠኋቸው። እዚያው ደወሉ፤ ድምፁን ለሁላችን አሰሙት። ሙዚቃ ጀመረ። አንዲት ሴት ገባች፤ ስድስት ክንድ ጨርቅ ተለካላት፣ ተቆረጠላት፣ ተከራክራ ከፍላ ወጣች። ሙዚቃው አላለቀም።

«ይኼ ዘፈን ነው» አሉ ሐጂ። «ዘፈን ስድብ አይቀበልም። የራስሽን ስጪኝ።»

ድርጅቱ የሰጠኝን የሥራ ስልክ ቁጥር ነገርኋቸው። መቀሱ ከሚንጠለጠልበት ምስማር በላይ ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፉት፤ ራስጌው ላይ «ስድብ» የሚል ርእስ ሰጡት።

«አሁን ደግሞ መመለሻውን አሳዪኝ።»

ትንሽ ብር ከራሴ ከፈልኋቸውና መልሱልኝ አልሁ። መመለሻ የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲነኩት «ጥያቄዎ ደርሶናል» ይላል። ደርሷቸው ቀረ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ በር በሁለት በኩል ካልተከፈተ በር አይባልም፤ ወጥመድ ነው።»

ቢሆንም ተመዘገቡ፤ መንገደኛው ሁሉ በስልክ ልክፈል ስለሚላቸው ነው። የእኛን ስቲከር ግን ከጣቃዎቹ ጀርባ ለጠፉት። «ለጠየቀ ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን ሳላስበው ይደውሉልኛል።

«አንቺ ሰነፍ!»

«እርስዎም ይባሱ ሐጂ!»

«ይሠራል» ይሉና ይዘጉታል። ስልኩን እየሞከሩ ነው።

ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ቢቸና ተዛውሬ መሪጌታን ያገኘሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መሪጌታ ጥበቡ በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ብዙ ዘመን ካስመቱ በኋላ ራሳቸው ወደ መሥራቱ ገቡ። ዋንዛውን ፈልፍለው፣ ቆዳውን አለፍተው፣ ጠፍሩን ከአፍ እስከ አፍ እየወጠሩ ይሠሩታል። ከዚያ ጆሯቸውን ቆዳው ላይ ለጥፈው በጣት ጫፍ መታ ያደርጋሉ፤ ካልጣማቸው ጠፍሩን ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። ሥራቸው አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ለጥምቀት ትልልቅ ከበሮዎች አዘዛቸው፤ ገንዘቡን አባላቱ በየስልካቸው አዋጥተው ሊከፍሉ ተስማሙ። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው፤ የፊደሉም ጭቅጭቅ የተነሣው ያኔ ነው።

በንጉሡ ሠ ካስመዘገብኋቸው በኋላ ሞከርነው። እኔ ጻፍሁት፣ ተገኘ። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ጻፉት፣ ተገኘ። አንድ ዲያቆን ጎረቤታቸውን ጠርተን አጻፍነው፣ ተገኘ። ሁላችንም ደስ አለን። ችግሩ የሞከርነው ሰዎች ሁሉ ከቅኔ ቤት አጥር ሥር የበቀልን መሆናችን ነበር። ሁላችንም ጣታችንን ጫን አድርገን ጠበቅን። የአዲስ አበባ ወጣት ለምን ይጠብቃል?

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ሕይወት የምትባል ልጅ ናት። ደወለችና «ከፍለናል፣ ይላኩልን» አለች። መሪጌታ «አልደረሰኝም» አሏት። እንደገና ደወለች። እንደገና አልደረሰም። እሷ «ሁላችንም እኮ ከፍለናል አባ» ትላለች፤ እሳቸው «እኔም እኮ አላየሁም ልጄ» ይላሉ። መጀመሪያ በትሕትና ነበር። በኋላ ትሕትናው ሳሳ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ በቴሌግራም ገጻቸው ላይ «የቢቸናው ከበሮ ሠሪ ገንዘባችንን በልቶ ዝም ብሏል፣ ሌሎች አጥቢያዎች ተጠንቀቁ» ብሎ ለጠፈው።

ይህ ለመሪጌታ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ቢቸና መኖር ያስፈልጋል። ጽሑፉ አዲስ አበባ ከሚሠራ የአገር ልጅ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ቅዳሴ ደጅ ደረሰ። ማንም ፊት ለፊት የተናገራቸው የለም። ሰላምታቸው ግን አጠረ። መሪጌታ መዶሻቸውን አስቀመጡ። የተሠሩት ከበሮዎች ጥግ ላይ ተደርድረው ሳለ ቆዳ የመጣላቸው ሰው «ዛሬ አልገዛም» ተብሎ ተመለሰ። እኔ ስገባ እንኳ አልተቆጡኝም፤ ያስፈራኝ ይህ ነው።

«ስም እኮ እንደ ከበሮ ቆዳ ነው፣ ልጄ ትርንጎ» አሉኝ። «አንዴ ከተቀደደ አይሰፋም። ቢሰፋም ድምፁ ሌላ ነው።»

አቶ ደምሰው ጋ ደወልሁ። «ሲስተሙ ላይ ምንም የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በመሪጌታ ስም ምንም አልነበረም። ጥምቀት እየቀረበ ነው። እኔ መሪጌታ ዘንድ ተቀምጬ ስልኬን እያገላበጥሁ፣ እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ሳለን ስልኩ ጮኸ። ሐጂ ናቸው። ድምፁን ለሁለታችን ከፈትሁት፤ ትንሽ ብንስቅ ብዬ ነው።

«አንቺ ሰነፍ!»

«እርስዎም ይባሱ ሐጂ።»

«ዛሬ ለሙከራ አይደለም። ያልሸጥሁትን ጨርቅ እየከፈሉኝ ነው! የማላውቃቸው ሰዎች፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። ጥምቀት፣ ጥምቀት ይላል ከሥሩ። እኔ ሐጂ ነኝ፣ ለጥምቀት ማን ይከፍለኛል? መጀመሪያ ማታለያ መሰለኝና ስንት ቀን ተውሁት። መልሱ ብዬ ያቺን ቁልፍሽን ብነካ ብነካ ‘ደርሶናል’ ትላለች። ምስራቅ ብለው ነው እኮ የላኩልኝ፣ በስሜ ነው!»

መሪጌታ ከተቀመጡበት እንደ ወጣት ዘለው ስልኩን ከእጄ ነጠቁት።

«በየትኛው ሰ?»

«ማነው ይኼ ሰውዬ?»

«በየትኛው ሰ ነው የጻፉት እላለሁ! ታፔላዎን ይመልከቱ!»

የሱቁ መጋረጃ ሲገፋ፣ ሐጂ ወደ መንገዱ ሲወጡ ተሰማ። ከዚያ ከሩቅ «ይቺ እንኳ... ሦስት እግር ያላት ሳትሆን፣ ባለ ሁለት እግሯ ናት» አሉ።

«የእሳቱ ሰ!» ብለው መሪጌታ ጭናቸውን መቱ። «ያልሁሽ ሌባ ተያዘ!» የአዲስ አበባ ልጆች በእሳቱ ሰ ‘ምስራቅ’ ብለው ሲጽፉ የመጣላቸው የሐጂ ሱቅ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ሳያነቡ እሱን ነክተው ከፍለዋል።

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ሐጂ በወዲያ በኩል ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ መሳቅ ጀመሩ። ከሳቁ በኋላ ግን ገንዘቡ አሁንም ሞጣ ነው፤ ጥምቀት አሁንም እየመጣ ነው። ለአቶ ደምሰው ሁሉንም አስረዳሁ። «መመለሻው ገና በሥራ ላይ ነው፣ የጽሑፍ ማመልከቻ ያስገቡ» አሉ። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው ስድብ እንኳ አላወጡም። «የናንተ ማመልከቻ እስኪነበብ የሰውየው ስም ይነበባል» አሉና ስልኩን ዘጉት።

በማግስቱ የመሪጌታ ከበሮ ቤት በር ተንኳኳ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከመንገዱ የተነሣ ከጫማ እስከ ቅንድብ አቧራ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል፤ በብብታቸው የጨርቅ ጥቅል ይዘዋል።

«ሌባው መጥቷል፤ እሰሩኝ» አሉ።

ጥቅሉን ሲዘረጉት ገንዘቡ ውስጡ ነው። ከራሳቸው አውጥተው ነው ያመጡት፤ የድርጅታችንን ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበራቸውም። መሪጌታ ገንዘቡን አላዩትም። ሰውየውን ነበር የሚያዩት።

«ስምዎ ማን ነው?»

«ሐጂ ሰይድ።»

«ሐጂ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?»

እግዜር ያውጣን አልሁ በልቤ። ሐጂ ግን ኮራ ብለው ተቀመጡ። «በአማርኛው አላውቅም። በዐረብኛው ግን ሁለት አለ። አንዱ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው፣ አንዱ እንዲሁ ትንፋሽ ነው። የኔው የጉሮሮው ነው። ያቀያየረ ልጅ በኛ ጊዜ ጆሮው አይቀርለትም ነበር።»

«በኛም ሁለት... ኧረ ሦስት አለ!» መሪጌታ ወንበራቸውን ሳቡ። «ሐመሩ ሐ ነው የርስዎ! ከጉሮሮ ነው እኮ ጥንት! ዛሬ ልጆቹ ሁሉን አንድ አርገው...»

«የኛዎቹስ!»

ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈለግሁም። ከበሮዎቹን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያስጫንሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ ስለ ጉሮሮ እያወሩ ነበር።

ከበሮዎቹ ከጥምቀት በፊት ደረሱ። ሕይወት እያለቀሰች ደወለች፤ የቴሌግራሙም ጽሑፍ ተነሥቶ በቦታው ይቅርታ ተለጠፈ። ለመሪጌታ አነበብሁላቸው። «ምስራቅ ከበሮ ቤትን ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል፣ በእሳቱ ሰ። መነጽራቸውን አውጥተው ካዩት በኋላ «መልሺላቸው» አሉ። «አስተካክለው ይጠይቁኝ።» አስተካክለው ጠየቁ። የቅዳሴ ደጁ ሰላምታ ወደ ድሮው ርዝመት ተመለሰ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ረዘመ፣ ሰው ሁሉ ታሪኩን ከራሳቸው አፍ ልስማ ስላለ።

አንድ ነገር ግን ቀረ፤ እሱም ሐጂ ቢቸና በመጡበት ዕለት ነው ያለቀው። ወደ ሞጣ የሚመለስ መኪና ስላልተገኘ ማደራቸው ነው። መሪጌታ፣

«ከወሬው በፊት ሌሎችም አጥቢያዎች በስልክ እንክፈል ብለውኝ ነበር፤ መመለሳቸው አይቀርም» አሉ። «እንግዲህ ምረጪልኝ። የድርጅትሽን ግን አትንገሪኝ፤ እሱን አውቀዋለሁ።»

እኔ የምበላው የዚያን ድርጅት እንጀራ ነው። ሐጂን አየኋቸው። ክብሪት ሊጭሩ የተዘጋጁ ይመስል ነበር። እሺ አልሁ።

ሦስት አገልግሎቶችን መረጥሁ። ለባለ ከበሮው የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ነገርኋቸው፦ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ምን ያህል ይቆርጣሉ፤ ገንዘቡ ባንክ መቼ ይገባል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ በአጭር ኮድ ይሠራል ወይ፤ ደንበኛው ነጋዴውን በምን ያገኘዋል። መሪጌታ የአንደኛውን ማስታወቂያ አስነብበውኝ «ይኼ ሰምና ወርቅ አይደለም፤ ሰምና ሰም ነው» አሉ። ሐጂ ደግሞ ማስታወቂያ አይሰሙም። «ውሉን ከመጨረሻው ጀምሪ» አሉኝ፤ «መውጫውን አንብቢልኝ።» ከዚያ ወደ ስልኩ መጣን።

የመጀመሪያው ዘንድ ሙዚቃ ጀመረ። ጠበቅን። መሪጌታ ሥራ ፈትተው መቀመጥ አይሆንላቸውምና አጠገባቸው ያለውን አዲስ ከበሮ ሳብ አድርገው ከሙዚቃው ጋር መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። ብዙ ከመቱ በኋላ «ምቱ ይጎትታል» ብለው አስዘጉኝ። ሁለተኛው ዘንድ አንድ ወንድ አነሣና ነገ ደውሉ አለን፤ ሐጂ «ነገማ ስድቡ ይቀዘቅዛል» አሉት። ሦስተኛው ዘንድ አንዲት ሴት ቶሎ አነሣች።

«ሰነፎች!» ብለው ጀመሩ ሐጂ።

«እሺ አባቴ፣ ስንፍናችንን ይዣለሁ። ችግሩን ይንገሩኝ።»

ሐጂ ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። መሪጌታ ስልኩን ተቀበሏቸው። «መመዝገብ እፈልጋለሁ። ስሙ ምሥራቅ ከበሮ ቤት ነው።»

የፊደል ገበታ ጠቅ ጠቅ ሲል ተሰማ። የምትጽፍ መሰለኝ።

«የሚከፈልዎ በቁጥር ነው አባቴ፤ ስም አያሳስትም። ግን በደረሰኙ ላይ ስለሚወጣ... ምሥራቅን በየትኛው ሠ ልጻፍልዎ?»

መሪጌታ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እጃቸው ከበሮው ላይ ነበር፤ ሳያስቡት አንዴ ድም አሰኙት።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የደብረ ወርቅ ልጅ ነኝ። አባቴ መምህር ናቸው።»

«ይቺን!» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ይቺን ነው የምፈልግ!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ መመለሻውስ?» አሉ ሐጂ። መሪጌታን አስመዘገብናቸው፤ ሐጂ ትንሽ ብር ከፈሏቸው፣ መሪጌታም ከራሳቸው ስልክ ላይ መመለሻውን ነኩት። ሐጂ ስለ እኛ ድርጅት የጀመሩትን ስድብ ሳይጨርሱ ገንዘቡ ተመለሰ። የሚቆርጡት ከእኛ ትንሽ ይበልጥ ነበር። ይህን ሳልደብቅ ነገርኋቸው። «ይብለጥ» አሉ መሪጌታ፤ «ለፊደል የተከፈለ ነው።»

ከጥምቀት ማግስት አቶ ደምሰው መጡ። እንደ ልማዳቸው ከበሩ ጋር ታግለው ግማሹ ክፍት ሳለ ተዉት።

«መሪጌታን ለሌላ ድርጅት ያስመዘገብሽው አንቺ ነሽ የሚሉት እውነት ነው?»

«መረጥሁላቸው።»

«ደመወዝሽን የምንከፍልሽ እኛ ነን እኮ!»

«እሳቸው ደግሞ በስማቸው ነው የሚከፍሉት አቶ ደምሰው። እስቲ በስልክዎ ምሥራቅ ብለው ይፈልጓቸው።»

ጻፉ። የሐጂ ጨርቅ ቤት መጣላቸው። እንደገና ጻፉ። አሁንም ጨርቅ ቤት።

«ይኼ የፊደል ጣጣ እኮ ጎጃም ብቻ ነው ያለው!»

«እኔም የተመደብሁት ጎጃም ነው።»

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ነበር፣ ያዙት። ጥፋት ነው ብለሽ ፈርሚና ቀጥዪ፣ ካልሆነም የድርጅቱን ንብረት አስረክቢ አሉኝ። ንብረቱ የስቲከር ካርቶን፣ አንድ ወንበርና የሥራ ስልኩ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁላቸው።

«እና ምን ልትሠሪ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ የጎማ ጥገናው ምሥራቅ መጥቶ ለእኔም ምረጪልኝ ብሎኛል። የፀጉር ቤቱም ምሥራቅ ጠይቆኛል። ለእነሱ እመርጣለሁ፤ ለራሴ ደግሞ ቃል እመርጣለሁ።»

«ይኼ ሥራ ነው?»

ይህን ጊዜ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አቶ ደምሰው አዩት፣ አዩኝ።

«ማን ነው?»

«ያንሡት» አልኋቸው። «የድርጅቱ ንብረት ነው።»

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። እጀታውን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ሳብሁት። ከውስጥ «አንቺ ሰነፍ!» የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎም የአቶ ደምሰው «አቤት?» ተሰማኝ፤ በሩም ገጠመ።